የማኅበርተኛው ድርሻ

«በሩን ዝጊው» አሏት አያቷ ቀና ብለው ሳያዩአት።

ያምሮት በሁለት እጇ የገንፎ ሳህን ይዛ ስለነበር በተረከዟ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። አቶ ወልደ ገብርኤል አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ዳዊታቸው፣ በዳዊቱ ሽፋን ላይ አንዲት ነጭ ኪኒን፣ በቀኝ እጃቸው ደግሞ ምላጭ ነበር። ምላጩን ጫን ሲያደርጉት ኪኒኗ ቀጭ ብላ ለሁለት ተከፈለች። አንዱን ግማሽ ወደ አፋቸው ጣል አድርገው በውኃ አወራረዱት። ሌላውን በቁራጭ ወረቀት ጠቀለሉና ጫፉን አጠፍ አጠፍ አድርገው በመዳፋቸው ያዙት።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ድርሻ እየቆረጥኩ።»

«የማን ድርሻ?»

«የማን ይሆናል? የስመኘው ነዋ።»

ሳህኑ እጇን ያቃጥላት ጀመር፤ እሷ ግን ማስቀመጡን ረስታ ቆማ ቀረች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር የተወለዱ፣ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በአንድ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ የጠጡ ናቸው። በማኅበሩ ዳቦ ሲቆረስ የቀረ ሰው ድርሻው አይቀርበትም። ታሞም ይቅር ተጣልቶ፣ ተጠቅልሎ እቤቱ ድረስ ይላክለታል። አቶ ወልደ ገብርኤል አንድ ክረምት የአያ ስመኘውን ዳቦ ራሳቸው ላይ አስረው፣ የሞላ ወንዝ እስከ ደረታቸው ገብተው እንዳደረሱ ዛሬም በመንደሩ ይወራል። ዳቦው ረጥቦ ነበር አሉ፤ አያ ስመኘው ግን ፍርፋሪ እንኳ አላስቀሩም።

በሽታውም ሲመጣ እንደ ዳቦው ለሁለቱም ደረሰ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። መጀመሪያ ሽንታቸውን ከለከላቸው፤ ቀጥሎ ወገባቸውን ያዛቸው። በሰው ፊት ለመናገር አፍረው ሲደብቁት ቆይተው ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ የደረሱት አጥንታቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር።

«አድናችኋለሁ አልልም» አላቸው ሐኪሙ ያን ቀን፤ «የምንሞክረው ማዘግየት ነው። በጥናት ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት አለ።» ያምሮት ከእናቷ ጋር ከኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ጥናቱ የሚገቡት በሙሉ የተለመደውን መርፌ ይወጋሉ። ከዚያ በላይ በዕጣ ለግማሾቹ አዲሱ ኪኒን፣ ለግማሾቹ መልኩ ያው የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይደርሳቸዋል። የትኛው ለማን እንደደረሰ በሽተኛውም አያውቅ፣ የሚያክመውም ሐኪም አያውቅ። ሰው አደጋ ላይ ከወደቀ ብቻ ተደውሎ ምሥጢሩ ይከፈታል። ኪኒኗ አትቆረጥም፣ ለሌላ ሰውም አትሰጥም። አቶ ወልደ ገብርኤል ሁሉን እሺ ብለው በእጃቸው ፈረሙ።

አያ ስመኘው ግን ከምርመራው በኋላ ተመለሱ። «ልብዎ ደካማ ነው፤ ይኼ መድኃኒት ደግሞ ልብ ላይ ይከብዳል፣ ሰውነት ውስጥ ውኃ ያቋጥራል። መርፌውን ይቀጥሉ፤ ኪኒኑን ግን ለእርስዎ አንሰጥም» ተባሉ።

በመልስ ጉዞ መራዊ ላይ መኪናው ሲቆም ቅቅል ድንች ተገዛ። አያ ስመኘው ድንቹን ሳይልጡ በእጃቸው እንደያዙ «እንግዲህ አንተ ትኖራለህ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ድንቹን ሳይበሉ እስከሚኖሩባት እስከ ፍኖተ ሰላም ያዙት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አያቷ የቀረበላቸውን ሁሉ ግማሹን እየተዉ እንደሚነሱ ያምሮት አይታለች፤ ምክንያቱን ግን ገና አሁን፣ ምላጩን ስታይ ነው ያወቀችው።

«እስከ ዛሬ እኔው ነበርኩ የማደርስለት» አሉ ጥቅሏን ወደ እሷ ዘርግተው። «እግሬ እምቢ አለኝ። ከእንግዲህ አንች ታደርሻለሽ፤ ትምህርት ቤት ስትሄጅ መንገድሽ ነው።»

«አባባ፣ ልባቸው አይችለውም ተብሏል እኮ።»

«ሐኪሙ ማኅበርተኛ አለው?»

«እሱን አላውቅም፤ ግን…»

«እኔ ብቻዬን ውጬ ስመኘው ቆሞ ይየኝ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ለሰው የማይራራ ልጅ ከእኔ ዘር አልወጣም። በአባትሽ ወገን ይሆናል የወረስሽው።»

አባቷ ጥሏቸው የሄደው ያምሮት በእግሯ ሳትቆም ነው። በዚህ ቤት ስሙ የሚነሳው እሷን ማሳመም ሲፈለግ ብቻ ነበር። ጥቅሏን ተቀብላ ወጣች። ቁርሷንም አልበላች፣ ሹራቧንም ረሳች፤ ጧቱ ብርድ ነው፣ ማንም ልብ አላለላት።

እናቷ ንግሥቴ ግቢው ውስጥ ከተሰጣ በርበሬ አጠገብ ተቀምጣ ዛላውን ትለቅማለች፤ ሥራዋ የበርበሬ ንግድ ነው። ያምሮት አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ያየችውን በሹክሹክታ ነገረቻት። ንግሥቴ እጇን እንኳ አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ዝም በይ። ለዚያች በየሰኞው ለምትደውለው ነርስ ብትነግሪ ከጥናቱ ያባርሩታል። አባቴን በአፍሽ እንዳትገድይብኝ።» በበርበሬ እጇ የልጇን አገጭ ይዛ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ሰማሽ?»

ያምሮት አገጯ እየለበለባት እስከ አያ ስመኘው በር ሄደች።

አያ ስመኘው በልጃቸው በክንፈሚካኤል ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥቅሏን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩና ሳሟት፤ ልክ የማኅበር ዳቦ ሲደርሳቸው እንደሚያደርጉት። ከዚያ ወረቀቱን ፈተው ግማሿን ኪኒን ወደ ብርሃን አዙረው መረመሯት።

«ዛሬ ምላጩ ወደ ራሱ አድልቶበታል» አሉ እየሳቁ። «በይው፣ ስመኘው አይቶሃል በይው።»

ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሻቸውን ቆረጠውና ደረታቸውን ይዘው ቆዩ። ያምሮት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ያኔ ነው እግራቸውን ያየችው። አብጧል። እንዲገባላቸው የላስቲክ ጫማቸው ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ መካከል ቆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

«አያ፣ እግርዎ መቼ ነው ያበጠ?»

«መድኃኒቱ እየሠራ ነዋ! በሽታውን ወደ ታች እየገፋው ነው።»

ሰብለ የአያ ስመኘው የልጅ ልጅ ናት። ከያምሮት ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል፤ መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ቆሞ በነበረ ጊዜም አንዷ የሌላዋን ደብተር እየተዋሰች ነው ያጠኑት። ያን ቀን በእረፍት ሰዓት ያምሮት ከክፍሉ ጀርባ ወሰደቻት።

«ሰብልዬ፣ የአያ ስመኘው እግር… ሐኪሙ ያለው እኮ ነው የሆነው። ውኃ ያቋጥራል ብሎ ነበር። ኪኒኑን ማቆም አለባቸው።»

ሰብለ የምታኝከውን ማስቲካ አቆመች።

«አታካብጂ ባክሽ። መንገድ በሄደ ቁጥር እግሩ ያብጥ የለ።»

«ትንፋሻቸውም ያጥራል።»

«ገባኝ» አለች ሰብለ። «ቆጨሽ አይደል? ሙሉውን ለእናንተ እንዲተርፍ ነው።»

«እንደዚያ አላልኩም!»

«እናንተ ቀንቷችሁ ገባችሁ። የእኔ አያት ደግሞ በር ላይ ተመለሰ። አሁን ግማሿንም ከአፉ ልትነጥቂው ነው? ለዚያች ለነርሷ ትንፍሽ ብትይ እሱን የገደልሽው አንቺ ነሽ። ለክፍሉ ሁሉ ነው የምናገረው።»

ትንፍሽ ሳትል ተነገረባት። በማግሥቱ ያምሮት ስትገባ ሰብለ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላ ወንበር አንዱ «ፋርማሲዋ መጣች!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ፋርማሲ፣ ራሴን አሞኛል፣ ግማሽ ኪኒን ቁረጪልኝ!» ሰብለ አልሳቀችም። ደብተሯ ጥግ ላይ አበባ ትስል ነበር፤ አንዴም ቀና አላለችም። ያምሮትን ከሳቁ ይልቅ አበባው አሳመማት።

የጥናቱ ነርስ ሲስተር ምሕረት ዘወትር ሰኞ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። የአያቷ ጆሮ ስለደከመ፣ እናቷም ገበያ ስለምትውል፣ ስልኩን የምታነሳው ያምሮት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ሲስተር ምሕረት ትከሻዋን ይዛ «የእኔ ዓይን አንቺ ነሽ» ብላታለች፤ ያምሮትም እሺ ብላለች።

«ያምሮትዬ፣ እንዴት ናችሁ? አባባ ኪኒናቸውን በሙሉ ውጠዋል?»

አያቷ ከአልጋው ላይ ያዩአታል። ዓይናቸው ጉድጓድ ገብቷል።

«ውጠዋል» አለች።

«ጎበዝ። ደማቸው ላይ የምንለካው ነገር ግን እንዳሰብነው አልወረደም። ከቀጠለ ይኼ መድኃኒት ለእንዲህ ያለው ሰው አይሠራም ብለን ልንጽፍ ነው። ከእሳቸው በኋላ ለሚመጡት የምንሰጠውም የምንከለክለውም ከእሳቸው ባየነው ነው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምጠይቅሽ። ሙሉ በሙሉ ነው አይደል የሚውጡት?»

«ሙሉ በሙሉ» አለች ያምሮት። ስልኩን ስትዘጋ አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ አያመሰግኗትም፤ ያን ቀን ግን «ተባረኪ» አሏት።

አያ ስመኘውን አንድ ቀን ረፋድ ላይ በባጃጅ ሆስፒታል አስገቧቸው። ያምሮት አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ስትደርስ አፋቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው፣ ደረታቸው እንደ ወናፍ ይወጣል ይወርዳል። እግራቸው ከአንሶላው ወጥቶ ይታያል፤ የእሳቸው እግር አይመስልም።

ወጣቷ ሐኪም ወደ ቤተሰቡ ዞረች። «ልባቸው ነው። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ? ምንም ቢሆን ንገሩኝ። የባህል መድኃኒትም ቢሆን።»

«ከመርፌው ሌላ የለም» አለ ክንፈሚካኤል።

«እርግጠኛ ናችሁ? ያላወቅነውን ማከም አንችልም።»

አቶ ወልደ ገብርኤል በምርኩዛቸው ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። ሰብለ በአልጋው ማዶ ቆማ ዓይኗን ያምሮት ላይ ተክላለች፤ ልመና ይሁን ዛቻ መለየት አይቻልም። ያምሮት አፏን ከፈተች። ተደውሎ ምሥጢሩ ይከፈታል የተባለው ትዝ አላት፤ የሲስተር ምሕረት ቁጥር ኪሷ ውስጥ ባለው ስልክ ነው። የእናቷ ጣቶች ክንዷን ከሥር ያዙና ቆነጠጧት። ያምሮት አፏን ዘጋች።

ሐኪሟ ጥቂት ጠብቃ ሄደች። አጥሚቱን የጠጣው የለም፤ ፔርሙዙ ውስጥ ቀዘቀዘ። አያ ስመኘው በማግሥቱ ፀሐይ ሳትሞቅ ሞቱ።

ቀብሩ የተፈጸመው በተወለዱበት መንደር ነው። በድንኳኑ ውስጥ ስለ ሟቹ ከተነገረው ይልቅ ስለ ወልደ ገብርኤል የተነገረው በዛ። «ከአፉ ከፍሎ ሰጠው» አሉ ማኅበርተኞቹ። «በሞቱ ላይ ሆኖ ሕይወቱን ቆርሶ ያካፈለ ሰው አይተን አናውቅም።» ሴቶቹ ደረት እየመቱ በወልደ ገብርኤል ስም ገጠሙ። አቶ ወልደ ገብርኤል አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

ያምሮት ለእንግዶች ውኃ ስታቀርብ ሰብለ ፊት ደረሰች። የሰብለ ፊት አብጧል። ብርጭቆውን አልተቀበለችም።

«ሙሉውን ቢሰጡት ኖሮ ይድን ነበር» አለች ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ለራሳቸው ሲሉ ነው ግማሽ የሰጡት።»

ያምሮት ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን በቀብር ማግሥት ለልቅሶተኛ እንዴት አድርጎ ይነገራል? የመለሱት አያቷ ናቸው።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «ሰሰትኩበት።»

አለቀሱ። ያምሮት አያቷ ሲያለቅሱ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የሚያለቅሱት ግን ስላልሰጧቸው ግማሽ ነበር፤ የጎዳቸው የሰጧቸው ግማሽ መሆኑን የሚያውቁት ደግሞ እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። ንግሥቴን በዓይኗ ፈለገቻት። ንግሥቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ፊቷን አዞረች።

ሰልስቱ አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም በተመለሱ በቀጣዩ ሰኞ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ሚስት ተደግፈው ግቢ ገቡ። ከገበዝ ማርያም በኩል ነው የመጡት፤ አያ ይታገሱ ይባላሉ። ምራታቸው ከጀርባዋ የድንች ኬሻ አወረደች። በእናታቸው ወገን ከማኅበሩ ጋር ዝምድና እንዳላቸው፣ የወልደ ገብርኤልን ደግነት ከለቅሶው ከተመለሱ ሰዎች እንደሰሙ ተናገሩ። ሽንት ይከለክላቸዋል። ወገባቸውንም ያማቸዋል።

«ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቃሉ?» አለች ያምሮት።

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ወልደ ገብርኤል እያለ።»

«ስመኘው ቦታውን ለቆልሃል» አሉ አቶ ወልደ ገብርኤል። ከለቅሶው ወዲህ ፊታቸው ላይ ብርሃን ሲታይ ያን ጊዜ ነው። «በማኅበር ሰው ሲሞት ቦታው ባዶ አይቀመጥም። ድርሻውም እንደዚያው ነው። ለእሱ የሰሰትኩትን ለአንተ አልሰስትም፤ ግማሽ አይደለም፣ ሙሉውን ትወስዳለህ። ያምሮት፣ ብልቃጡን አምጭ።»

«ለእርስዎስ አባባ?»

«እኔ በልቻለሁ። አምጭ።»

ብልቃጡን አመጣች። አያቷ አንዲት ኪኒን መዳፋቸው ላይ አንከባለሉ። አያ ይታገሱ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉ፤ ኪኒኗ እጃቸው ላይ አረፈች። ያምሮት እግራቸውን አየች። ጭቃ የነካው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ገና አልተሰነጠቀም።

ያኔ ስልኩ ጠራ።

«ያች ልጅ ናት» አሉ አያቷ። «ሁሉን ውጧል በያት፤ እንግዳ አለብን።»

ንግሥቴ ከግቢው ሆና በርበሬ መልቀሟን አቆመች። ያምሮት የሚጠራውን ስልክ ይዛ ወደ አያ ይታገሱ ሄደች፤ ኪኒኗን ከተዘረጋው እጃቸው ላይ አንስታ በመዳፏ ጨበጠቻት።

«ምን ሆንሽ አንች?» አሉ አያቷ። «የአባትሽ ልጅ!»

በሩን ክፍት ትታ ወጣች፤ በእናቷ አጠገብ አልፋ ከበርበሬው ማዶ ሁሉም በሚያይዋት፣ ሁሉም በሚሰማት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን አነሳችው።

«ያምሮትዬ፣ እንዴት ናችሁ? አባባ ኪኒናቸውን በሙሉ ውጠዋል?»

«ሲስተር» አለች ያምሮት፤ «አይዝጉት፣ ትንሽ ይረዝማል። መጀመሪያ ስለ አንድ የሞቱ ሰው ልንገርዎት።»